ከመኪናው በፊት የሚያረጀው

ሠላሳ ዓመት ቆሞ የነበረ ሞተር ሲከፈት ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ የሚገኘው ብረቱ ነው። ዘይት ያልተለየው ክራንክ ሻፍት ሲለካ በልኩ ይገኛል፤ ብሎኩ አልተሰነጠቀም፤ የማርሾቹም ጥርስ ሙሉ ነው። ሞተሩ ግን አይነሳም። የቤንዚን ቱቦው ጎማ ሲነካ ይፈረፈራል፤ ምትኩን ይሠራ የነበረው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ማደያው የሚቀዳው ቤንዚን ሞተሩ የተነደፈለት ቤንዚን አይደለም፤ ካርቡራተር በጆሮው ብቻ ያስተካክል የነበረው መካኒክም ጡረታ ወጥቷል። ብረቱ ባለበት ቆሟል፤ ጥሎት የሄደው ዓለሙ ነው።

አሮጌ መኪና የማደስ ሥራ ከውጭ ሲታይ ሁለት ችግር አለው፦ ዕቃ መፈለግና የሞተር ብልሽት ማግኘት። የመጀመሪያው የገበያ፣ ሁለተኛው የዕውቀት ጉዳይ ይመስላል። ሥራው ውስጥ የገባ ሰው ግን ሁለቱን መለየት ይቸግረዋል። ዕቃው ለምን እንደጠፋ የሚናገረው ታሪክና ሞተሩ ለምን እንደታመመ የሚናገረው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ሁለቱም የሚጠይቁት መኪናውን በሕይወት ያቆየው የነበረው ትስስር የት ላይ እንደተበጠሰ ነው።

ነታኒያ ይህን ለማየት የምትመች ከተማ ናት። በ1929 በሻሮን ጠረፍ ላይ የተመሠረተችው ይህች ከተማ (ዓመቶቹ ሌላ ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከቴል አቪቭ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ወደ ሰሜን የዚያን እጥፍ ቢኬድ ሀይፋ ይገኛል፤ እስራኤል የራሷን መኪና የሠራችው እዚያ ነው። በነታኒያ ሄፍጺባን በመሰሉ ሰፈሮች ደግሞ ከኢትዮጵያ የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይኖራሉ። ከጎንደር ገጠር ተነስተው በእግራቸው ሱዳን የደረሱት ስለ መኪና የሚያስታውሱት ብዙ ላይኖር ይችላል። በግንቦት 1991 በሰለሞን ዘመቻ ከመምጣታቸው በፊት አዲስ አበባ ላይ ተራቸውን ሲጠብቁ የከረሙት ግን ከተማዋን ከነቮልሷ፣ ከነላዳዋ ያውቋታል። በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት የመኪና ትዝታ አለ ማለት ነው፤ ሁለቱም የየራሳቸው የጎደለ ዕቃ አላቸው።

አንድ አገር የምትተወው አሮጌ መኪና የሕዝቧን ምርጫ ብቻ አያሳይም፤ ማን እንደሸጠላትና ማን አልሸጥም እንዳላት ጭምር ያሳያል። በእስራኤል የመጀመሪያው የመገጣጠሚያ ፋብሪካ ኤፍሬም ኢሊን ከአሜሪካው ካይዘር ፍሬዘር ጋር በሀይፋ ያቋቋመውና በ1951 ሥራ የጀመረው ነበር። እዚያ የካይዘር መኪናዎች፣ በኋላም ስቱድቤከር ላርክና የጃፓኑ ሂኖ ኮንቴሳ ተገጣጥመዋል። ሌላው የሀይፋ ድርጅት አውቶካርስ ከእንግሊዙ ሪላያንት ጋር ተባብሮ አካላቸው ከፋይበርግላስ የሆኑ መኪናዎችን አወጣ፤ ሱሲታ፣ ካርሜልና በ1961 ኒው ዮርክ ላይ የታየችው የስፖርት መኪና ሳብራ ይገኙባቸዋል። ፋብሪካው እጅ ከእጅ እየተዘዋወረ፣ በሮም ስም ጥቂት ከቀጠለ በኋላ በ1980ዎቹ መግቢያ ላይ ተዘጋ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የአረብ ሊግን የንግድ ዕገዳ የፈሩ አብዛኞቹ የጃፓን አምራቾች ወደ እስራኤል አልላኩም። ሱባሩ ግን ልኮ ነበር፤ በ1980ዎቹም የአገሪቱ መንገድ በሱባሩ ተሞላ። ቶዮታ የገባው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ነታኒያ ውስጥ የ1980 ሱባሩ ለሚያድስ ሰው ለጋሽ መኪና ማግኘት ያን ያህል አይከብደውም። በዚያው ዓመት የተሠራ ኮሮላ የሚያድስ ሰው ግን አገር ውስጥ ያልኖረ መኪና እየፈለገ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ኮሮላ ዲኤክስ የሁሉም መካኒክ መማሪያ ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩትም እያንዳንዳቸው አንድ ዘመን ይጠቁማሉ። ጣሊያን ፊያትን ተወ፤ የፊያት 682 የጭነት መኪና፣ በሾፌሮች አፍ ኤንትሬ፣ የአሰብን መንገድ ለዓመታት ተመላልሶበታል። የንጉሡ ዘመን መካከለኛ መደብ ቮልስዋገን ይወድ ነበር። ሐረር ከፔዦ 404 ታክሲዎቿ ጋር ስሟ ይነሳል። ደርግ ከሶቭየት ኅብረት ጋር ሲወዳጅ ላዳ መጣና ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ ታክሲ ሆነ። የትኛው መኪና ዕቃ ይገኝለታል የሚለው ጥያቄ ከሜካኒክስ መጽሐፍ በፊት በዲፕሎማሲ ታሪክ ይመለሳል።

አሮጌ የሚባለው የትኛው እንደሆነ መወሰኑም ቀላል አይደለም። በ1966 የተቋቋመው ፊቫ የተባለው ዓለም አቀፍ የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን ቢያንስ ሠላሳ ዓመት የሞላውን፣ በታሪክ ትክክለኛ በሆነ ሁኔታ የተጠበቀውንና የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ያልሆነውን ተሽከርካሪ ታሪካዊ ይለዋል። የእስራኤል ደንብም በዚሁ መንፈስ ለሠላሳ ዓመት መኪና ልዩ ምድብ ይሰጣል፤ የፈቃድ ክፍያውን ይቀንስና በሥራ ቀን ጠዋት መንገድ በሚጨናነቅበት ሰዓት እንዳይነዳ ይከለክላል። በዚህ መለኪያ ገበያ ስታደርስ የምትውል የሐረር ፔዦ ታሪካዊ አይደለችም፤ ጥፋቷ መሥራቷ ነው። መለኪያው የተጻፈው መኪና በሚጣልባቸው አገሮች መሆኑ ግልጽ ነው። መኪና የማይጣልበት አገር በመጠገንና በማደስ መካከል ድንበር አያውቅም። የአዲስ አበባ መካኒክ አርባ ዓመት ሙሉ ላዳ ሲያነሳና ሲያወርድ ኖሮ ቅርስ እየጠበቀ እንደነበር አልተነገረውም። እስራኤል ውስጥ ቅርስ ጠባቂ የሚባለው ደግሞ መኪናውን በሳምንቱ መጨረሻ ብቻ ስለሚነዳው የታመመውን ቶሎ አይሰማም። ሁለቱ ቢገናኙ ብዙ ይማማሩ ነበር።

ወደ ሞተሩ ስንመጣ የምርመራው ቅደም ተከተል የታወቀ ነው። ቤንዚን ሞተር ለመነሳት የሚቃጠል ድብልቅ፣ በሰዓቱ የሚመጣ እሳትና በቂ እመቃ ይፈልጋል። መጀመሪያ የሚለካው እመቃው ነው፤ ምክንያቱም እሱ ከሌለ የተቀረው ድካም ከንቱ ነው። ካንዴላዎቹ ተነቅለው በየሲሊንደሩ ግፊቱ ይመዘገባል። አንዱ ዝቅ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ይንጠባጠብና ዳግም ይለካል። ግፊቱ ከፍ ካለ ፋሻው አልቋል፤ ካልተለወጠ ባልቮላው አይዘጋም ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል። ሁለት ጎረቤት ሲሊንደሮች በአንድነት ከወደቁ ደግሞ ጓርኒሲዮኑ በመካከላቸው መቃጠሉ ያስጠረጥራል። በዚህ ርካሽ ሙከራ ሞተር ከመውረድ የሚድንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከዚያ እሳቱ። ካርቡራተሩ ሲወቀስ የሚከርምበት ብልሽት አብዛኛው ከፑንቲናና ከኮንደንሰር የሚመጣ ነው። የደከመ ኮንደንሰር ጠዋት በብርዱ ሥራውን ይሠራል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይከዳል፤ መካኒኩ ዘንድ እስኪደረስ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይሠራል። እንዲህ ያለው ብልሽት ትዕግሥት የሌለውን ሰው ካርቡራተር ያስገዛዋል፤ ቦቢና ያስገዛዋል፤ በመጨረሻም መኪናውን ያሸጠዋል። ሕጉ አንድ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ውጤቱ ይታይ፤ ካልረዳ የድሮው ወደ ቦታው ይመለስ። ሦስት ዕቃ በአንድ ቀን የቀየረ ሰው ሞተሩ ቢነሳለት እንኳ ምን እንደነበረ አያውቅም። ያላወቀው ነገር ሲመለስ አይለየውም።

እዚህ ድረስ ያለው በማንኛውም የጥገና መመሪያ ይገኛል። መመሪያው የማይናገረው ጽሑፉ ከታተመ በኋላ የተለወጠውን ነው። ከሁሉ የሚታወቀው የእርሳስ ጉዳይ ነው። ቶማስ ሚግሌይ በጄኔራል ሞተርስ ሲሠራ በ1921 ቴትራኤቲል ሌድ የተባለው ውህድ ሞተርን ከመንኳኳት እንደሚያድን አገኘ። ለሃምሳ ዓመት ያህል የዓለም ቤንዚን እርሳስ ነበረው። የእርሳሱ ቅሪት ሌላም ሥራ ይሠራ ነበር፤ በጭስ ማውጫው ባልቮላና በመቀመጫው መካከል ስስ ልባስ እየሆነ ብረት ከብረት ጋር እንዳይጣበቅ ይከላከል ነበር። መርዝነቱ ተረጋግጦ እርሳስ ሲወጣ፣ ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ በ2006 መግቢያ፣ የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 ሲያቆሙ፣ ልባሱም አብሮ ጠፋ። የቴስታታው ብረት ለስላሳ በሆነበት ሞተር የጋለው ባልቮላ መቀመጫውን በጥቂቱ እየነቀለ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። የባልቮላው ክፍተት እየጠበበ ይሄድና አንድ ቀን ጨርሶ አይዘጋም፤ እመቃው ይወድቃል፤ ባልቮላው ይቃጠላል።

ይህ ግን ሁሉንም ሞተር እኩል አይነካም። የቮልስዋገን፣ የፊያት 124፣ የላዳና የፔዦ 404 ቴስታታ አሉሚኒየም ስለሆነ ከመጀመሪያውም ጠንካራ የብረት መቀመጫ ተሰክቶበታል። የሚጨነቀው ቴስታታው ራሱ ብረት የሆነው ነው፤ እንደ ስቱድቤከርና በሱሲታና በካርሜል ላይ እንደተገጠሙት የእንግሊዝ ፎርድ ሞተሮች። መፍትሔው ቴስታታውን ወደ ቶርኖ ቤት ወስዶ ጠንካራ መቀመጫ ማስገባት ነው። ቢሆንም ብዙዎች ይህን የሚያደርጉት ከፍርሃት የተነሳ ነው። በከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚነዳ መኪና ለዓመታት ምንም ላይደርስበት ይችላል። የባልቮላውን ክፍተት በየጊዜው እየለኩ መመዝገብ ይበቃል፤ ክፍተቱ መጥበብ ከጀመረ ያኔ ይከፈታል። ያልታመመን ሞተር ማከም ከማደስ አይቆጠርም።

ዘይቱም እንዲሁ ነው። አሮጌው ሞተር ካምሻፍቱ በተጫነ ቁጥር ታፔቱ ላይ ይፋተጋል፤ በዘይት ውስጥ ያለው የዚንክና የፎስፎረስ ውህድ ያን ፍትጊያ ያለዝበዋል። አዳዲሶቹ መኪናዎች የጭስ ማጣሪያ ካታሊስት ስለገጠሙና ፎስፎረስ ካታሊስቱን ስለሚጎዳው፣ ዘይት አምራቾች መጠኑን ቀነሱ። እናም ነታኒያ ላይ በትላንትናው ዕለት ከፋብሪካ የወጣ መኪና ደህንነት ሲባል የተለወጠ ዘይት ከሃምሳ ዓመት በፊት የተሠራን ካምሻፍት ይበላል። ሁለቱ መኪናዎች አይተዋወቁም፤ የተገናኙት በዘይት ጣሳው ውስጥ ነው። ኢታኖልም ሌላው ነው። ኢትዮጵያ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚወጣ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መደባለቅ የጀመረችው በ2008 ነበር። ለውጭ ምንዛሬ ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ለአሮጌ ጎማ ቱቦና ለካርቡራተር ጓርኒሲዮን ግን ጥሩ አልነበረም። ኢታኖል የድሮውን ጎማ ያለሰልሳል፤ ከአየር ውስጥ ውሃ ይስባል፤ ቆሞ በሚከርም ታንክ ሥር ውሃው ተለይቶ ይቀመጥና ብረቱን ያዝጋል። ባለመኪናው ግን ብልሽቱን የሚፈልገው ከካርቡራተሩ ላይ ነው።

ስለ ከፍታ ደግሞ ከነታኒያ ይልቅ አዲስ አበባ ታስተምራለች። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ካርቡራተር የሚያስገባውን ቤንዚን የሚወስነው የጂግለሩ ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳው አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። ለባሕር ወለል የተሰካ ጂግለር አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ጭሱ ይጨልማል፤ መኪናው ቤንዚን ይጠጣል ተብሎ ይታማል። ውሃም እዚያ በ92 ዲግሪ ይፈላል፤ የራዲያተር ክዳን ሲደክም ሞተሩ ሜትሩ ላይ ሳይታይ ይፈላል። ከደጋ ወደ ባሕር ዳርቻ የመጣ ካርቡራተር ችግሩ ተቃራኒ ነው። ለስስ አየር የተመረጠ ትንሽ ጂግለር ነታኒያ ላይ ቤንዚን ያሳንሳል፤ ሞተሩ ሲጫን ይንገዳገዳል፤ ባልቮላው ይግላል። የተበላሸ ዕቃ የለም። እያንዳንዱ ቁራጭ ተነቅሎ ቢለካ ጤነኛ ነው። ችግሩ ካርቡራተሩ ለሌላ ሰማይ የተቃኘ መሆኑ ነው፤ እንዲህ ያለውን ደግሞ ዕቃ በመቀየር የሚፈልግ ሰው አያገኘውም።

ነታኒያ የራሷ አየር አላት። ከተማዋ በገደል ዳር ተቀምጣ የሜዲትራኒያንን ጨው በነፋስ ትቀበላለች። ጨው ላሜራ ይበላል፤ ይህ ለሁሉም ይታያል። የማይታየው ማሳውን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በአካሉ በኩል የሚመለስበትን መስመር፣ መብላቱ ነው። ባትሪው ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት ቡሎን ሥር ትንሽ ዝገት ሲያድር መብራቱ ይደክማል፤ ሞተሪኖው ቀስ ይላል፤ ፍሬቻው ሲበራ ሌላ መብራት ይደበዝዛል። በዚህ ረገድ የሱሲታ ነገር የተለየ ነው። ፋይበርግላስ አይዝግም፤ ግመል ይበላዋል የሚለው ቀልድ እስራኤል ውስጥ ዛሬም ይነገራል። ግን ኤሌክትሪክም አያስተላልፍም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ መብራት ማሳውን የሚያገኘው በራሱ ሽቦ ነው። ከሥሩ ያለው ሻሲ ደግሞ ብረት ነውና ዝገቱን ይወስዳል። ሰውነቱ ያማረ፣ ከሥሩ ግን የተበላ ሱሲታ መግዛት ለጀማሪ የተለመደ ስህተት ነው። አዲስ አበባ ያደገ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒ ነው፤ ላሜራው ደህና ሲሆን ሞተሩ፣ ባሌስትራውና ኩሽኔታው ያለቀ ነው።

ዕቃ ፍለጋው ከዚህ ይቀጥላል። እዚህ ላይ የሚጠበቀው ነገር አይሆንም፦ መኪናው ብርቅ ስለሆነ ዕቃው ሁሉ ብርቅ አይሆንም። ኩሽኔታ ቁጥር አለው። 6204 የተጻፈበት ኩሽኔታ ውስጡ 20፣ ውጪው 47፣ ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር ነው፤ ነታኒያም ይገዛ መርካቶ፣ ዲናሞ ላይም ይኑር ውሃ ፓምፕ ላይ። የመኪናው አምራች ቢሞትም ቁጥሩ አልሞተም። ኩሽኔታ፣ ኦሊዮ ከልካይ ጎማ፣ ቀበቶና ካንዴላ በሚሊ ሜትርና በቁጥር ስለሚኖሩ በአምራች ስም የሚፈልጋቸው ሰው ያጣቸዋል፤ በልክ የሚፈልጋቸው ግን ያገኛቸዋል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው የመጀመሪያ መሣሪያው ካሊፐር ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ከሌላ መኪና የተዋሰው ዕቃ ነው። ሱሲታ ከእስራኤል ውጭ የማይታወቅ መኪና ቢሆንም ሞተሩ የፎርድ ስለሆነ ዛሬም ዕቃ አለው፤ ከ1967 ጀምሮ የሚካሄደው ፎርሙላ ፎርድ የሚባለው የመኪና ውድድር ኬንት በተባለው በዚያው የፎርድ ሞተር ቤተሰብ ላይ ስለተመሠረተ ፒስተን፣ ብሮንዚናና ጓርኒሲዮን አሁንም ይመረታሉ። ሀይፋ ላይ የተረሳ ሞተር እንግሊዝ ውስጥ በወጣት ሯጮች እጅ ይኖራል። በተቃራኒው የሱሲታ የፊት መስታወት፣ የበር እጀታና የስም ምልክት የትም አይገኙም። መኪናው የሚነዳበት ነገር ይገኛል፤ የሚታወቅበት ነገር ግን ጠፍቷል። ቮልስዋገን ይህ ችግር የለበትም፤ የመጨረሻው ሐምሌ 30 ቀን 2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ እስኪወጣ ድረስ 21,529,464 ስለተሠራ እንዲህ ያለ ቁጥር ዕቃ ሠሪን አያስርብም። የቮልስ ባለቤት ፈተናው የዕቃ ጥራት ነው። የአዲስ ኮንደንሰር ከአሮጌው መባስ ሁሉም የሚያማርርበት ነገር ነው፤ የሚሠራ አሮጌ ኮንደንሰር ያለው ሰው ባይጥለው ይሻለዋል።

መመሳሰል ግን ያታልላል። ቶሊያቲ ላይ በ1970 መመረት የጀመረው ላዳ 2101 ከፊያት 124 የተወሰደ መሆኑ የታወቀ ነው፤ አይቶ የሚለያቸው ጥቂት ነው። ሶቭየቶቹ ግን ለመጥፎ መንገድ ሲሉ ላሜራውን አወፈሩት፤ የኋላ ዲስክ ፍሬኑን በታንቡር ለወጡት፤ ካምሻፍቱንም ከብሎኩ አውጥተው ቴስታታው ላይ ሰቀሉት። የሞተሮቹ ይዘት እንኳ የሚለያየው በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው፤ 1,197ና 1,198። ቴስታታ ግን አይዋዋሱም። አንድ ነው ብሎ የገዛ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው በመመሳሰሉ ምክንያት ነው፤ ፈጽሞ የማይመስል ቢሆን ኖሮ አይገዛውም ነበር። የእንግሊዝ መኪና ደግሞ በብሎን ጥርስ ያስቸግራል። ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841 ያወጣው ጥርስ፣ ከጦርነቱ በኋላ የመጣው የተዋሐደው ኢንች ጥርስና ሚሊ ሜትሩ ሲጀምሩ ይስማማሉ፤ ከሁለት ዙር በኋላ ይይዛሉ። ቁልፍ ጨምሮ የሚጠመዝዝ መካኒክ አሉሚኒየሙን ቀዳዳ ያበላሸዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚያድሰው ሌላ ነገር ይሆናል።

ሦስተኛው ዓይነት የትም የሌለው ነው። ለዚህ አዲስ አበባ የራሷ ትምህርት ቤት አላት። መርካቶ ውስጥ ሱማሌ ተራ መኪና ተበታትኖ የሚሸጥበት ነው፤ ሻጩ ካታሎግ አይገልጥም፤ የመጣለትን ዕቃ በእጁ እያገላበጠ ከየትኛው ሞዴል እንደወጣና ሌላ የት ላይ እንደሚገባ ይነግራል። ምናለሽ ተራ ደግሞ የተጣለ ብረት ዳግም ዕቃ የሚሆንበት ነው። የዚህ ዕውቀት መሠረት ማጣት ነው። ዕቃ በውጭ ምንዛሬ እጥረት ሲጠፋ የሚፈጠር ዕውቀት፣ ዕቃ በብዛት በሚመጣበት አገር አይፈጠርም። የነታኒያ ሙሳክ (ጋራዥ) ባለቤት ከጀርመን ወይም ከእንግሊዝ በፖስታ ዕቃ ማዘዝ ይችላል፤ በመቻሉም ምክንያት ዕቃውን ከማሠራት ይልቅ መጠበቅን ይመርጣል። አዲስ አበባ ላይ ቶርኖ ቤት የሚሄደው ጉዳይ ነታኒያ ላይ ጉምሩክ ይሄዳል።

ያም ሆኖ ማሠራትም ወሰን አለው። ቡሽና ካሚቻ ቶርኖ ይሠራቸዋል። የፔዦ 404 ሲሊንደር ካሚቻው ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ተነቃይ ስለሆነ ከነፒስተኑ ይቀየራል፤ ከብሎኩ ፊት ምን ያህል ከፍ እንደሚል ግን በጥንቃቄ ካልተለካ ውሃ ወደ ዘይት ያልፋል። ሲሊንደሩ ከብሎኩ ጋር አንድ በሆነበት ሞተር ግን ቀዳዳው ይሰፋና ልኩ ከፍ ያለ ፒስተን ይገባል፤ ይህን የፋብሪካው ሰዎች ራሳቸው አስበውታል። ሞተሩ ሲነደፍ ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲሰፋ የሚበቃ ውፍረት ተትቶለታል። በሌላ አነጋገር እርጅናው ከመወለዱ በፊት ተሰልቶለት ነበር። ያልተሰላው የሰዎቹ እርጅና ነው።

መካኒክ ራሱ መለዋወጫ መሆኑን ሰው ቶሎ አያስተውልም። ከኢትዮጵያ መጥቶ እስራኤል ሙሳክ ውስጥ ሥራ የጀመረ፣ ሚኒሞ በጆሮው የሚይዝ፣ ፋዝ ያለ መብራት የሚያስይዝ ሰው የደረሰው ካርቡራተር በኤሌክትሮኒክ መርጫ እየተተካ በነበረበት ዘመን ነው። ዕውቀቱ ዋጋ አጣ፤ ስህተት ሆኖ ሳይሆን የሚሠራባቸው መኪናዎች ስለጠፉ። ዛሬ ያ ዕውቀት ራሱ የሚፈለግ ብርቅ ዕቃ ነው። ችግሩ ካሊፐር አይለካውም፤ ቁጥርም አልተጻፈበትም። ጎኑ ቆሞ ያየ ካልተማረው በቀር ሊታዘዝ አይችልም። ኢትዮጵያም በ2020 ያገለገሉ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ኤክሳይዝ ታክስ ጥላ፣ በ2024 መግቢያ ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላ፣ የኤሌክትሪክ መኪናን መንገድ ይዛለች። ውሳኔው ለነዳጅ ወጪው ምክንያት አለው። ውጤቱ ግን የአዲስ አበባ ካርቡራተር መካኒክ ከነታኒያው ጓደኛው ሠላሳ ዓመት ዘግይቶ ወደዚያው ቦታ መድረሱ ነው።

የታደሰው መኪና ያው መኪና ነው ወይ የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። ፊቫ በ2012 ያፀደቀው የቱሪን ቻርተር መጠበቅን፣ መንከባከብንና ማደስን ይለያል፤ የተቀየረ ዕቃ ምልክት እንዲደረግበትና እንዲመዘገብ ይመክራል። ይህ ጥሩ ምክር ነው፤ ግን ሁሉንም አይመልስም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱበት ቮልስዋገን ቢገኝና ሞተሩ ቢታደስ የሚጨመርለት ነገር የለም። ወንበሩ በአዲስ ቆዳ ቢለበስ ግን የሚፈለገው ነገር ተፍቆ ይጠፋል። ለዚያ መኪና መታደስ ጉዳት ነው። ለአንድ ላዳ ታክሲ ግን ዕድሜው በሙሉ የተቀየረ ዕቃ ስለሆነ፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ማድረጉ ውሸት ይሆናል። ኮፈኑ ከሌላ ላዳ፣ ካርቡራተሩ ከሦስተኛ የመጣ መሆኑ የእሱ ታሪክ ነው። በሁለቱም መካከል ያለው ሱሲታ ደግሞ የጠፋው መስታወቱ በፕላስቲክ ተሠርቶ ቢነዳ፣ ፕላስቲኩ እስከተጻፈ ድረስ አይነቀፍም። ለመጠበቅ የሚገባው ነገር በመኪናው ይለያያል፤ የሚወሰነውም ሞተሩ ከመከፈቱ በፊት ነው። ተከፍቶ ከተበተነ በኋላ የሚወሰን ከሆነ ውሳኔውን የሚሰጠው የጠፋው ዕቃ ነው።

ሞተሩ ሲገጠም የቴስታታው ቡሎኖች በፋብሪካው ቅደም ተከተል፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ በየደረጃው ይጠብቃሉ። አዲስ ካምሻፍት ከገባ ሞተሩ እንደተነሳ በሚኒሞ አይተውም፤ ለሃያ ደቂቃ ያህል ከፍ ባለ ዙር ይያዛል፤ ምክንያቱም በሚኒሞ ዙር ለካሙ የሚረጨው ዘይት ያንሳል። በመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትሮች አዲሱ ፋሻ ከሲሊንደሩ ጋር ስለሚላመድ በአንድ ፍጥነት ረጅም መንገድ አይነዳም፤ ከፍ ዝቅ ይደረጋል። ከዚያ ዘይቱ ይቀየራል፤ የቀዘቀዘው ቴስታታ ዳግም ይጠብቃል፤ ባልቮላው ሬጂስትሮ ይደረጋል፤ ካንዴላዎቹ ወጥተው ቀለማቸው ይታያል። ቡናማ ግራጫ ከሆኑ ጂግለሩ ለከተማው አየር ትክክል ነው። ቁጥሩ፣ ከተማውና የቤንዚኑ ዓይነት በመዝገቡ ላይ ይጻፋሉ፤ መኪናው ነገ ወደ ኢየሩሳሌም ተራራ ቢወጣ የሚቀጥለው መካኒክ ከየት እንደሚጀምር እንዲያውቅ።